ሽቦም እንደ ቆዳ ይድናልን?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ አስተማሪ በተማሪዎቹ ፊት ከሚሠራቸው ጥፋቶች ሁሉ የሚከፋው የትኛው እንደ ሆነ ብትጠይቁኝ፥ «ሳያውቁ መሳቅ ነው» ብዬ እመልስላችኋለሁ። ሳያውቅ የተናገረ አስተማሪ በማግስቱ ቃሉን ሊያርም ይችላል፤ ሳያውቅ የሳቀ ግን ሳቁን ከተማሪው ጆሮ ውስጥ መልሶ ሊያወጣው አይችልም። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመገሠጽ አይደለም። እኔው ራሴ በማስተምርበት በቡራዩ የሠራሁትን ጥፋት ልነግራችሁ፥ በጥፋቱም ምክንያት የተማርሁትን ነገር ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሥረኛ ክፍል ስለ ኤሌክትሪክ አስተምር ነበር። አንድ ባትሪ፥ አንድ ትንሽ አምፖልና አንድ ክንድ የሚሆን የመዳብ ሽቦ ይዤ ገባሁ። አምፖሉ ሲበራ ተማሪዎቹ ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጥሁት፤ አምፖሉም ጠፋ። «እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሽቦ አንዴ ከተቆረጠ፥ ሰው ካልቀጠለው በቀር ራሱን አይቀጥልም» አልሁ። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣና፥ «መምህር፥ ጣታችን ሲቆረጥ ማንም ሳይሰፋው ቆዳው ራሱ ይገጥማል። ራሱን የሚገጥም ሽቦ መሥራት አይቻልም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ አልበቃ ብሎኝ፥ «ሽቦ ምን ደም አለውና ይድናል!» የሚል ቃል ጨመርሁበት። ክፍሉ ከፊተኛው ይልቅ አብዝቶ ሳቀ። ልጁ እጁን አወረደ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ያ እጅ ዳግመኛ አልወጣም።

ነገሩን ልረሳው ተቃርቤ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የስልኬ ማዳመጫ ሽቦ ከአንገቱ ላይ ተሰብሮ አንደኛው ጆሮ ዝም ስላለብኝ፥ በአምቦ መንገድ ዳር ወደሚገኝ አንድ ጠባብ የስልክ ጥገና ቤት ገባሁ። ከመስታወቱ ጀርባ አጎንብሶ በትኩስ ብረት እያቀለጠ የሚበይደው ልጅ ያው ተማሪዬ ነበር። ለካ ከትምህርት በኋላ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አጎቱን እየረዳ ኖሯል። ማዳመጫዬን በአምስት ደቂቃ ሠርቶ ሰጠኝ፤ ገንዘብም አልቀበልም አለ። ከዚያም ከመሳቢያው ውስጥ ከወረቀት የማትወፍር፥ እንደ ሪባን የምትታጠፍ ቡናማ ነገር አወጣና አሳየኝ።

«ይህች ፍሌክስ ትባላለች» አለኝ፤ «ስክሪኑን ከዋናው ሰሌዳ ጋር የምታገናኘው እርስዋ ናት። በውስጧ እንደ ጸጉር የቀጠኑ የመዳብ መሥመሮች አሉ። ሌላው አካሉ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ፥ እርስዋ ስለ ተሰነጠቀች ብቻ የሚጣል ስልክ ብዙ ነው፤ ለሁሉም ምትክ አይገኝም።» ተመልከቱ እንግዲህ፤ እኔ የሳቅሁበት ጥያቄ የሥራ ፈት ሕልም አልነበረም። ልጁ በየማታው በእጁ ይዞ የሚያየው ችግር ነበር።

ስንሰነባበት፥ «ለሚመጣው ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ትመርጣለህ አይደለም?» አልሁት። በአክብሮት አንገቱን ሰበር አድርጎ፥ «አይ መምህር፤ ማኅበራዊ ሳይንስ እገባለሁ። ፊዚክስ ለእኔ የሚሆን አይመስለኝም» አለኝ። በድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ቂም ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። በማኅበራዊ ሳይንስ ላይ አንዳች ነቀፋ የለኝም፤ ወዶ የሚመርጠው ሁሉ ይምረጠው። ነገር ግን ሰው ከሚወደው ነገር በሌላ ሰው ሳቅ ሲባረር ማየት፥ ያውም ሳቁ የራስ ሲሆን፥ እንቅልፍ ይነሣል።

ቡራዩ፥ ሱሉልታና ሰበታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ቢሆኑም፥ እኔ ከአንዱ ወደ ሌላው የምሄደው በአዲስ አበባ በኩል ዞሬ ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። በአራት ኪሎ አብሮኝ የተማረ፥ አሁን እዚያ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ። ታሪኩን ስነግረው አልሳቀም። «ልጁ የጠየቀህ ነገር እኮ ተሠርቷል፤ የዘገየኸው አንተ ነህ» አለኝ። እስኪመሽ ድረስ ያስረዳኝን፥ በኋላም እያነበብሁ ያረጋገጥሁትን በአጭሩ ላቅርብላችሁ። የውጭ አገሩን ነገር ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በመጀመሪያ፥ ሽቦ ለምን ይሰበራል? አንድ ሽቦ ወስዳችሁ በአንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ እጠፉት። ጥቂት ጊዜ ይታገሣችሁና በመጨረሻ ይሰበራል። መታጠፉ ሲደጋገም በብረቱ አካል ውስጥ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀመርና እያደገ ይሄዳል፤ ስንጥቁ ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጠው ኤሌክትሮኖች የሚሻገሩበት ድልድይ ያጣሉ። ዛሬ ደግሞ የሚታጠፍ ስልክ፥ በልብስ ላይ የሚሰፋ መሣሪያ፥ እንደ ፕላስተር በቆዳ ላይ ተለጥፎ የልብ ትርታ የሚለካ ዕቃ ይሠራል። መታጠፍ ሥራው የሆነ ዕቃ በመታጠፍ የሚሞት ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው። የሚጣለውም ዕቃ ብዛት የሚናቅ አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፥ በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን ያህል የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተጥሏል፤ ከዚያም ውስጥ በሥርዓት ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም የዋለው ከሩቡ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ ከብረት በቀር ሌላ ነገር ሽቦ ሊሆን ይችላልን? የሚለው ነው። ፕላስቲክ የሽቦ ልብስ እንጂ ሽቦ እንዳልሆነ ሁላችንም ተምረናል። ይሁን እንጂ በጃፓን አገር በሂዴኪ ሺራካዋ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ተመራማሪ አንዱን ቅመም በስሕተት ከሚገባው መጠን አንድ ሺህ ጊዜ አብዝቶ ጨመረው፤ የተገኘውም እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ስስ ፕላስቲክ ሆነ። ሺራካዋ በስሕተቱ አልሳቀም፤ መረመረው እንጂ። በ1977 በአሜሪካ ይሠሩ ከነበሩት ከአለን ማክዲያርሚድና ከአለን ሂገር ጋር ሆኖ ያን ፕላስቲክ በአዮዲን እንፋሎት ቢያጥኑት፥ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ በብዙ ሚሊዮን እጥፍ ጨመረ። ሦስቱም በ2000 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ሥራ በጀመረው በአራት ኪሎ ግቢ፥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ፕላስቲኮችን የሚመረምሩ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከተነሡ ብዙ ዓመት ሆኗል። የኬሚስትሪ ሊቁ ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚያገለግሉ እንዲህ ያሉ ፕላስቲኮችን ቀምመዋል። ሌላው የኬሚስትሪ ሊቅ ሽመልስ አድማሴም ከሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲው ከኦሌ ኢንጋኔስ ጋር በ2014 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ከፕላስቲክ የሚሠራ የፀሐይ ኃይል ማመንጫና ከዕፀዋት ከሚገኝ ቅመም የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማከማቻ ለአፍሪካ ምን ሊጠቅም እንደሚችል አስረድተዋል። ሥራቸው ራሱን ስለሚጠግን ሽቦ ባይሆንም የዚያው የቅርብ ዘመድ ነው። እኔ ግን በዚያው ግቢ ተምሬ የወጣሁ ሰው ሆኜ ሳለ፥ የልጁን ጥያቄ የሰማሁት ከመዳብ በቀር አስተላላፊ እንደሌለ አድርጌ ነበር።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር መዳኑ ነው። በ2001 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ፈሳሽ ቅመም የያዙ ጥቃቅን እንክብሎችን በፕላስቲክ ውስጥ በተኑ። ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ እንክብሎቹ ይፈነዳሉ፤ ፈሳሹም ስንጥቁን ሞልቶ ይደርቃል። ዘዴው መልካም ነው፤ ነገር ግን እንክብል አንዴ ከፈሰሰ አለቀ፤ በዚያው ቦታ ሁለተኛ ቁስል ቢመጣ መድኃኒት የለውም። በ2008 ፈረንሳዊው ሉድቪክ ሌብለርና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ አሳዩ። እነርሱ የሠሩት ጎማ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች ቢጋጠሙ፥ ያለ እሳትና ያለ ሙጫ መልሶ ይያያዛል።

የዚህ ምሥጢር ምንድን ነው? ወዳጄ ይህን ሲያስረዳኝ የለበሰውን ጋቢ ጫፍ ይዞ ነበር። «በተራ ጎማ ውስጥ ሞለኪውሎቹ የተያያዙት በብርቱ ማሰሪያ ነው፤ ብርቱው ማሰሪያ ግን አንዴ ከተበጠሰ ተመልሶ አይታሰርም። በዚህኛው ጎማ ውስጥ ያያያዛቸው የሃይድሮጂን ትስስር የሚባለው ደካማ ማሰሪያ ነው። አንዱ ለብቻው ከንቱ ነው፤ እንደዚህ ጋቢ ክር ብዙ ሆነው ሲገኙ ግን ይይዛሉ። በቀላሉ ይፈታሉ፤ ጫፍና ጫፍ ሲገናኝም በቀላሉ ይታሰራሉ» አለኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፥ በኬሚስትሪ ትርጉሙን ያገኘሁት በዚያ ምሽት ነው።

በ2012 ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዠናን ባኦና ባልደረቦቻቸው እንዲህ ባለው ራሱን በሚገጥም ነገር ውስጥ የኒኬል ብናኝ ጨመሩበት። ጎማ መሰሉ ነገር ቁስሉን ይገጥማል፤ ኒኬሉ ኤሌክትሪኩን ያሻግራል። ቆርጠው መልሰው ባጋጠሙት ጊዜ፥ በ15 ሰከንድ ውስጥ ከቀድሞው የማስተላለፍ ችሎታው 90 በመቶ ያህሉ ተመለሰ፤ ጥንካሬውም በ10 ደቂቃ ያህል እንደ ነበረ ሆነ። በ2018 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የታየው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በጎማ ውስጥ የፈሳሽ ብረት ጠብታዎች ተበትነዋል፤ ጎማው ሲጎዳ በቁስሉ ዙሪያ ያሉት ጠብታዎች ፈንድተው እርስ በርሳቸው ይገናኙና ለኤሌክትሪኩ አዲስ መንገድ ያበጁለታል። ጎርፍ መንገድ ቢሰብር መንገደኛ በጎን መተላለፊያ እንደሚያወጣ ያህል ነው።

ፈሳሽ ብረት ስል ሜርኩሪ እንዳይመስላችሁ። ጋሊየምና ኢንዲየም የሚባሉት ብረቶች በተመጠነ ልክ ሲቀላቀሉ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሞላ ይቀልጣሉ። በዚህ ጊዜ ወዳጄ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋና፥ «ይህ ብረት በሱሉልታ ሌሊት ሊጠጥር እንደሚችልም አትርሳ» አለኝ። በዚያች ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ ተደራርቦልኝ ስተኛ የቃሉን እውነትነት በሰውነቴ አረጋገጥሁ።

ሌላም እንቅፋት አለ፤ አለመናገር ደግሞ ማታለል ይሆናል። መዳብ ከስታንፎርዱ ጎማ ይልቅ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ አብልጦ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የጎማውም ሁለት ጫፎች ካልተገናኙ መዳን የለም፤ ቁስሉ ተራርቆ ቢቀር ወይም ቆሻሻ ቢገባበት ማሰሪያዎቹ አይደራረሱም። ስለዚህ ልጁ በመሳቢያው ውስጥ ያስቀመጣትን ፍሌክስ ነገ የሚተካ ነገር ተገኘ ብዬ አላበሥራችሁም።

በማግስቱ እሑድ እናቴን ለመጠየቅ ወደ ሰበታ ስወርድ ታክሲው በዘነበወርቅ በኩል አለፈ። እዚያ የአለርት ሆስፒታል ይገኛል። ይህን መንገድ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለስሁበት አላውቅም፤ በዚያን ቀን ግን ሆስፒታሉን በሌላ ዓይን አየሁት። የሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ፥ በሽተኛው ትኩስ ድስት ቢይዝ ወይም እሾህ ቢወጋው ላይሰማው ይችላል፤ ስላልተሰማውም እጁን አይሰበስብም። ብዙ ጊዜ ጣትን የሚያሳጣው ይህ ሳይታወቅ የሚደጋገም ቁስል ነው። ሕመም የሰውነት ዘበኛ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። የስታንፎርዱ ጎማ የመጫንና የመታጠፍ ስሜት እንዲሰጥ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፥ ሊቃውንቱ የኤሌክትሮኒክስ ቆዳ ይሉታል፤ አንድ ቀን ለሰው ሠራሽ እጅ ልብስ ይሆናል ብለውም ተስፋ ያደርጋሉ። ቆዳ የሚነካካ ነገር ነው፤ የሚነካካ ነገር ይጎዳል፤ ራሱን የማይጠግን ቆዳ ደግሞ አይሰነብትም። ለካ የልጁ ጥያቄ ከስልክም አልፎ ይሄድ ኖሯል።

ሰበታ ስደርስ እናቴ ለድፎ ዳቦ የስንዴ ሊጥ ታሽ ነበር። ወዳጄ ሲሸኘኝ የነገረኝ ነገር ትዝ አለኝ። በውጭ አገር አንዳንድ መምህራን ልጆችን ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስተምሩት ጨው በበዛበት ሊጥ ነው ብሎኝ ነበር። ጨው በውኃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ የሚሸከሙ አዮኖች ይሆናልና፥ ጨዋማ ሊጥ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። «እማዬ፥ እስቲ ከዚህ ሊጥ ትንሽ ስጪኝ» አልኋት። ጨው አብዝቼ አሸሁትና ሁለት ድብልብል አደረግሁት። አንደኛውን እንደ ዱላ አስረዝሜ ጫፉን ከባለ 9 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኘሁት፤ የትንሿን ኤልኢዲ መብራት አንድ እግር በዚያኛው ጫፍ፥ ሁለተኛውን እግር በሌላው ድብልብል ላይ ሰካሁ፤ ያንንም ወደ ባትሪው መለስሁት። መብራቷ በራች። ረጅሙን ሊጥ በቢላዋ ቆረጥሁት፤ ጠፋች። ሁለቱን ጫፎች ጫን አድርጌ ባጋጥማቸው መልሳ በራች።

እንደ ሕፃን ጮኽሁ። እናቴ ግን እጇን በሽርጧ እየጠረገች፥ «አንተ ልጅ፥ ሊጥ ተቆርጦ መልሶ እንደሚያያዝ ዛሬ ነው የሰማኸው? ያን ሁሉ ዓመት የተማርኸው ለዚህ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እናንተም በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። መብራቷ እንቢ ካለች እግሮቿን አገላብጡ፤ ኤልኢዲ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሠራው። ሊጡ በመካከል ሳይኖር ከባትሪው ጋር በቀጥታ ካገናኛችኋት ትቃጠላለች። ከቤት የግድግዳ ኤሌክትሪክ ጋር ግን ይህን ነገር ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ይገድላል። ደግሞም ሊጡ የስታንፎርዱን ጎማ አይተካም፤ በሊጥ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት አዮኖች እንጂ ኤሌክትሮኖች አይደሉም። ይሁን እንጂ ተቆርጦ፥ ተጋጥሞ፥ መልሶ የሚያስተላልፍ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ለማሳየት ይበቃል።

ሰኞ ጠዋት ሊጤን በፌስታል ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ። ከሁሉ አስቀድሜ፥ «ባለፈው ጊዜ ከእናንተ አንዱ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እኔ ሳላውቅ ሳቅሁ። የሳቅሁት እኔ ነበርሁ የተሳሳትሁት» አልሁ። ይህን ለማለት አፌ እንደ ከበደው አልሸሽጋችሁም፤ በወጣትነት የሚያስተምር ሰው ክብሩን እንደ አዲስ ጫማ ነው የሚጠብቀው። ከዚያም ልጁን ወደ ፊት ጠርቼ ቢላዋውን ሰጠሁት። እርሱ ቆረጠ፤ መብራቷ ጠፋች። እርሱ አጋጠመ፤ መብራቷ በራች። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። አንዲት ልጅ ብቻ፥ «እንደገና!» አለች፤ እንደገና ቆረጠው።

ሊጡን ሲያገላብጥ ቆየና፥ ወደ ወንበሩ ሳይመለስ፥ «መምህር፥ ሲደርቅስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስለት አፌን ከከፈትሁ በኋላ ዘጋሁት። «አላውቅም፤ አብረን እንየው» አልሁ። ሊጡን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጥነው። ረቡዕ ዕለት ላዩ ቅርፊት ሆኖ ነበር፤ መብራቷም ደከመች። ዓርብ ዕለት ሲቆረጥ ፈረፈረ፤ ቢጋጠምም አልያዝ አለ። ውኃ የያዙ ራሳቸውን የሚገጥሙ ዕቃዎችን የሚመረምሩ ሊቃውንትም የሚታገሉት ከዚሁ ከመድረቅ ጋር መሆኑን ነገርሁት። ልጁ ፍርፋሪውን በጣቱ እየደቀቀ፥ «እንግዲህ የማይደርቅ ነው የሚያስፈልገው» አለ። ለእኔ የተናገረ አይመስለኝም፤ ለራሱ ነው።

የትኛውን ትምህርት እንደሚመርጥ ገና አልወሰነም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም። ምርጫው የእርሱ ነው። እጁ ግን አሁን በየክፍለ ጊዜው ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ያደክመኛል።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ተማሪዎች አላችሁ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ከጠረጴዛ ኋላ የምትቀመጡም አላችሁ። እንግዳ የሚመስል ጥያቄ ይዞ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው፥ ጥያቄውን ያገኘው እናንተ ከማታውቁት ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። ከመሳቃችሁ በፊት ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ከሳቃችሁ በኋላ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ብላችሁ ተመለሱ፤ ሊጥም ቢሆን የሚገጥመው ሳይደርቅ ነው።